አባባ ማሽን ላይ 4 ሰዓት መጨረስ አቃታቸው፤ የሚያስነሳቸው እግራቸው ነው

የኮምቦልቻዋ
ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ግፊት ኩላሊታቸውን ጨርሶት እጥበት ከጀመሩ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆናቸው። የታዘዘላቸው በሳምንት 3 ቀን ነበር፤ አቅማችን የቻለው ግን 2 ቀን ነው። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ሐረጎን ወጥተን ደሴ እንታጠባለን፣ ማታ እንመለሳለን።

ያስቸገረን እግራቸው ነው። ማሽኑ ላይ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው እግራቸውን ማወራጨት ይጀምራሉ። ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ አንዱን በአንዱ ያሻሉ። ከዚያ «ንቀሉኝ» ነው። ነርሶቹ ይለምናሉ፣ እኔ እለምናለሁ፣ ወይ ፍንክች። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ 4 ሰዓት ሞልተው አያውቁም።

ባለፈው ዓርብ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ተቆጣኋቸው። «ላሚቱን የሸጥነው ለዚህ ነው?» አልኳቸው። አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እንደጀመረ «ወራጅ አለ» አሉ። በዚያ ጨለማና ብርድ ወርደው አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ ይመላለሱ ጀመር። ረዳቱ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። እልኸኝነት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ቤትም ያው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጎናቸው አያርፍም፤ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ግቢ ውስጥ ሲመላለሱ ዱካቸውን እሰማለሁ። «ምንድን ነው የሚሰማዎ?» ስላቸው «ቅልጥሜ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል» ይላሉ። «ያምዎታል?» ስላቸው «አያምም፤ ግን ከሕመም ይብሳል።» ሲራመዱ ይተዋቸዋል። ሶላት ላይ ሲቆሙ ደህና ናቸው፣ ለተሸሁድ ሲቀመጡ ይጀምራቸዋል። ጎረቤት ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱዓ፣ ሲጠራቸው እንኳ መቅረት ጀምረዋል፤ ሰው መሃል መቁነጥነጡ አሳፍሯቸው ነው። እናቴ ጂን ነው ብላለች። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። እንዲህ የሆነበት ሰው አለ?

የሰኞ ገበያው
ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 5፡05

አብሽሪ እታለም። አባትሽ ያሉትን ቃል በቃል ልጽፈው እችል ነበር። ማሽን ላይ 4 ዓመቴ ነው። «አያምም፣ ከሕመም ይብሳል» የምትለዋን ያልቀመሳት አይረዳትም። እኔ ለባለቤቴ ስነግራት «ከውስጥ የሚያሳክክ፣ ግን የማይታከክ» ነበር የምላት።

ሐኪሞቹ «ሬስትለስ ሌግ ሲንድረም» ይሉታል፣ በእኛ ቋንቋ እረፍት የለሽ እግር እንበለው። ስም እንዳለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔ ብቻ መስሎኝ አፍሬ ዝም ብያለሁ።

እኔን የረዱኝን ልንገርሽ። አንደኛ ተራዬን ከከሰዓት ወደ ጠዋት አስቀየርኩ። ይህ ነገር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚነሳው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማሽን ላይ ስትወጪ ገና ተኝቶ ነው ያለው። ባቴን በሞቀ ፎጣ እጠቀልላለሁ። ከአልጋው ግርጌ ባለው ብረት እግሬን እየገፋሁ እለቃለሁ፤ ፊስቱላ፣ ማለትም ለማሽኑ የተዘጋጀው የደም ሥር፣ ያለበትን እጄን ካላንቀሳቀስኩ ነርሶቹ አይከለክሉኝም። አእምሮን የሚይዝ ነገርም ይጠቅማል። ዝም ብሎ ቲቪ ማየት አይደለም፤ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ክርክር እገጥማለሁ። ክርክሩ ሲጦፍ እግሬን እረሳዋለሁ።

እንዲህ እያልኩ እችለዋለሁ። አባትሽን ግን አትቆጪያቸው።

ወሎዬው
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡15

ይሄ እኮ የፖታሲየም እጥረት ነው፤ ለእናቴም ባቷን ሲይዛት ሐኪም ነግሯታል። ጠዋትና ማታ ሙዝ ይብሉ፣ አቮካዶ ይጨምሩ። ማግኒዥየም ኪኒንም ፋርማሲ አለ፣ ያለ ወረቀት ይሸጣሉ።

ነርስ ከደሴ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 3፡40

ወሎዬው ወንድሜ፣ ለመርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እባክህ ይህን ምክር አጥፋው። ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው ሙዝ ምግብ ነው። ኩላሊቱ ለቆመ ሰው ፖታሲየም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ያቆማል፤ በተለይ በሳምንት 2 ቀን ብቻ ለሚታጠብና እሱንም ሳይጨርስ ለሚነሳ ሰው። ማግኒዥየምም መውጫው በኩላሊት ነው፣ እንዲሁ ይጠራቀማል። እናትህን የያዛት ሌላ ነገር ነው።

እህቴ፣ እጥበት ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። እግር ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ባት መኮማተር አለ፦ ጡንቻው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ያስጮሃል፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውሃ በፍጥነት ሲወጣ፣ ወደ እጥበቱ መጨረሻ ላይ ነው። የስኳር ነርቭ ጉዳት አለ፦ ውስጥ እግርን ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል፣ ቢሄዱም ቢቀመጡም አይለቅም። አባትሽ ያለባቸው ሦስተኛው ይመስላል። መለያው ይህ ነው፦ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት አለ፣ ሲያርፉ ይጀምራል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል፣ ማታ ይብሳል። አንቺ ሳታውቂው አራቱንም ጽፈሻቸዋል። የስኳር ሰው ስለሆኑ ሁለተኛውም አብሮ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አባትሽ ብቻቸውን አይደሉም። ማሽን ላይ ካሉ 5 ሰዎች ቢያንስ አንዱ ይህ አለበት። ከማንም በላይ የምናዝነው ደግሞ እጥበት ለሚያቋርጡት ነው። አስቢው፣ 2 ቀን በ4 ሰዓት በሳምንት 8 ሰዓት ነው። በየቀኑ 1 ሰዓት ቢያጎድሉ ከሳምንቱ እጥበት ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ውሃ ሳንባ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው ቆሻሻም ደም ውስጥ። እኛም ነርሶቹ አንዳንዴ እንደ አንቺ ሰውየው አስቸጋሪ ነው ብለን እናልፈዋለን። ልክ አይደለም፤ እኔም በጊዜው ያላስተዋልኳቸው ሰዎች አሉ፣ እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አባትሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከክሊኒክም ከፋርማሲም የተገዛውን፣ ከነጀመሩበት ጊዜ ጻፊልኝ። ቡናም ጫትም ካለ አትደብቂ።

የኮምቦልቻዋ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከደሴ መመለሳችን ነው፣ ዛሬም ማሽኑ ላይ 3 ሰዓት እንደቆዩ ተነሱ። ከረጢታቸውን ዘርግፌ ነው የምጽፍልዎ።

ኢንሱሊን፣ ለግፊት አምሎዲፒን፣ ካልሲየም ከምግብ በኋላ፤ እነዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሜቶክሎፕራማይድ ሲያቅለሸልሻቸው ይወስዳሉ፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሆናል። ሰውነታቸውን ስለሚያሳክካቸው ማታ ማታ ክሎርፌኒራሚን፣ ከነሐሴ ጀምሮ። አሚትሪፕቲሊን 25 ደግሞ «እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፣ እንቅልፍም ያመጣላቸዋል» ተብሎ ከአንድ ክሊኒክ መስከረም ውስጥ ተሰጣቸው።

ጫት ትተዋል። ቡና ግን ከአቦል እስከ በረካ ነው፣ ማታም ጭምር። ሐኪሙ ውሃ ሲከለክላቸው በቡናው ነው የሚጽናኑት፤ እሱን ልከልክላቸው ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የደም ማነስ መርፌ በየሳምንቱ ይወጋሉ፣ ኤሪትሮፖይቲን ይሉታል። የብረት (አይረን) ምርመራ ግን ተደርጎላቸው አያውቅም መሰለኝ፤ ወረቀታቸው ውስጥ አጣሁት።

ነርስ ከደሴ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡10

የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ማሳከኩን የሚያስታግሰው ነሐሴ ላይ፣ ለእንቅልፍ የተሰጣቸው መስከረም ላይ፤ እጥበት ማቋረጥ የጀመሩት ሁለት ወር ሆናቸው። ሦስቱም፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ክሎርፌኒራሚንና አሚትሪፕቲሊን፣ ይህን የእግር ነገር እንደሚቀሰቅሱ ወይም እንደሚያብሱ የታወቁ ናቸው። የሰጣቸው ሰው ክፉ አልሠራም፤ እያንዳንዱ ለየራሱ ችግር ትክክል ነው። አንድ ላይ ሆነው ማን አያቸው? ችግሩ እሱ ነው።

በራስሽ ግን አንዱንም አታቁሚ። ዓርብ ዝርዝሩን ይዘሽ ሐኪሙ ፊት ቁጭ በይ።

መንገደኛ
ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡00

የእናትሽ ነገር እንዲህ ቶሎ መጣል የለበትም። ሌሊት የሚመጣ፣ ሶላት ላይ ሲቆሙ የሚሸሽ ነገር ሩቃ ይፈልጋል። ሽማግሌዎች ይቅሩላቸው። ጥቁር አዝሙድ በማር አድርገሽም ስጪያቸው።

የሰኞ ገበያው
ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4፡25

ዱዓውን ማን ይጠላል ወንድሜ። እኔም አስቀርቻለሁ፣ ልቤ አርፏል፣ አሁንም አስቀራለሁ። ግን ሶላት ላይ ሲቆሙ የሚተዋቸው ስለቆሙ ነው፤ ገበያ መሃል ቢቆሙም ይተዋቸዋል፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። ማሩ ደግሞ ለስኳር ሰው አይሆንም። አባቷ ዱዓውንም ሐኪሙንም ይያዙ።

የሆጤዋ
ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡15

ይህን ውይይት እያነበብኩ እንባዬ መጣ። ባለቤቴም ከዚሁ ነው። እኔ የምጽፈው ሌላው ቤት እንዳይደገም ነው።

ለእግሩ ጋባፔንቲን ታዘዘለት። መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው፣ በኋላ የኩላሊት ሐኪሙም አልቀየረውም። ግን የጻፈለት ሰው እጥበት ላይ መሆኑን የጠየቀው አልመሰለኝም፤ 300 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ብሎ ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ምላሱ ተሳሰረ። ልጁን በወንድሙ ስም ይጠራል። በአራተኛው ቀን ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ስትሮክ መስሎን ስንጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ይህ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው አሉን። ኩላሊት ከሌለ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደረባል። ማሽኑ ግን ያጥበዋል፤ ታጥቦ ሲወርድ ወደ ራሱ ተመለሰ። አሁን የሚወስደው 100 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ ያውም ታጥቦ ከወረደ በኋላ። ተመስገን፣ ይተኛል። ማንም የትም ቢጽፍላችሁ «እጥበት ላይ ነው» ሳትሉ ከክፍሉ አትውጡ።

የውስጥ ደዌ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡50

ሐኪም ነኝ። ሲስተር ከጻፉት ላይ የምቀንሰው የለኝም፤ የምጨምረው ግን አለ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፎታል፤ ስሙን የሰጠው ደግሞ ስዊድናዊው ካርል አክሴል ኤክቦም ነው፣ በ1945። እስከዚያ ድረስ «የነርቭ ጭንቀት ነው» እየተባለ ስንት ሰው ተናቋል።

መነሻው እግር ላይ ሳይሆን አንጎል ውስጥ ነው። እንቅስቃሴያችንን የሚገዛው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲሠራ አንጎል ብረት ይፈልጋል። ብረቱ ሲጎድል የዶፓሚን ሥራ ይዛባል፤ እሱ ደግሞ በተፈጥሮው ማታ ላይ ዝቅ ይላል። የማታው ነገር ከዚህ ነው። ሜቶክሎፕራማይድ የሚያብሰውም የዶፓሚንን መቀበያ ስለሚዘጋ ነው።

የእጥበት ሰው ብረት ለምን ይጎድለዋል? በየእጥበቱ ማጣሪያውና ቱቦው ውስጥ ጥቂት ደም ይቀራል። ለምርመራም ይቀዳል። ኤሪትሮፖይቲን ደግሞ አዲስ ደም ለመሥራት ያለውን ብረት ጠራርጎ ይጠቀምበታል። የሚዋጥ ብረት በእነዚህ ሕመምተኞች አንጀት ብዙም አይሰርግም። ስለዚህ ብረት ሳያዩ መርፌውን ብቻ መውጋት ጤፍ ሳይኖር ምጣድ እንደማሟሟቅ ነው።

እህቴ፣ ዓርብ ሁለት ምርመራ በስማቸው ጠይቂ፦ ፌሪቲን (የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ) እና የትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (ደም ውስጥ የሚጓጓዘውን ብረት የሚያሳይ)። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ መቆጣት ሲኖር ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ይላልና ብቻውን ያታልላል። አሁን የምንከተለው ምክር፣ እጥበት ላይ ያለ ሰው ይህ የእግር ሕመም ኖሮበት ፌሪቲኑ ከ200፣ ሳቹሬሽኑ ከ20 ፐርሰንት በታች ከሆነ ብረት በደም ሥር ይሰጠው የሚል ነው። ማሽን ላይ እንዳሉ በዚያው መስመር ይሰጣል፣ ሌላ መርፌ አያስፈልግም።

ከብረቱ በኋላ ጋባፔንቲን ነው፣ የሆጤዋ እህታችን በከፈለችው ዋጋ ያስተማረችን መጠን ሳይረሳ። ፕራሚፔክሶል የሚባል አለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ይመስላል። ወራት ሲቆይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ማታ የነበረው ከሰዓት ይጀምራል፣ እግር ላይ የነበረው ወደ ክንድ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ መጠኑን ይጨምራል። እሱም በኩላሊት የሚወጣ ነው። ዱሮ መጀመሪያ የምንጽፈው እሱን ነበር፣ አሁን ወደ ኋላ ተመልሷል። እየወሰደ ያለ ሰው ካለ ግን በድንገት አያቁመው።

ቡናውን በተመለከተ፣ ሁሉንም አትንጠቂያቸው። የጠዋቱን ይጠጡ፣ ሲኒው ከተፈቀደላቸው ፈሳሽ ይቆጠር። ከቀትር በኋላ ያለው ይቅር።

ከቦሩ ሜዳ
ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 1፡30

ለተስፋ ያህል ልጻፍ። እኔ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገልኝ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። እዚያ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ለእኔ ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሰጠኝ። ስለ ኩላሊቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ስለ እግሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከንቅለ ተከላው በኋላ ገና ወር ሳይሞላ አንድ ሌሊት ነቅቼ «ምን ጎደለ?» አልኩ። እግሬ ዝም ብሏል። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም ይላሉ፣ ብዙ ሰው ላይ ግን ይቀላል። እድሜያቸውና ልባቸው ከፈቀደ፣ የሚሰጥ ዘመድም ካለ፣ ይህንንም ጠይቁ።

የኮምቦልቻዋ
ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቆየሁባችሁ፣ ነገሩ ፈር እስኪይዝ ጠብቄ ነው።

ያን ዓርብ ዝርዝሩን ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ አድርጎ አስቆማቸው፣ ሜቶክሎፕራማይዱንም ቀየረ። ለማሳከኩ ክሎርፌኒራሚኑን አስትቶ ቅባት ሰጣቸው፤ ፎስፈረሳቸውም ከፍ ብሎ ተገኝቶ ስለነበር ካልሲየሙ የምግቡን ፎስፈረስ እንዲይዝ በምግቡ መሃል እንዲወስዱት ነገራቸው፤ እኛ ከምግብ በኋላ ነበር የምንሰጣቸው። የብረቱ ውጤት ሁለት ሳምንት ወሰደ። ፌሪቲን 86፣ ሳቹሬሽን 14 ፐርሰንት። ብረቱ ማሽን ላይ እንዳሉ መሰጠት ጀምሯል፣ እስካሁን ስድስት ጊዜ ወስደዋል። ጋባፔንቲን ገና አልተጀመረም፤ «መጀመሪያ ይህን እንየው» ብሏል ሐኪሙ።

ተራቸውም ወደ ጠዋት ተቀየረ። ከኮምቦልቻ ሌሊት 10 ተኩል ተነስተን ነው የምንደርሰው፤ ብርዱ ከባድ ነው፣ ግን አባባ ራሳቸው ይቀሰቅሱኛል።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መድኃኒቶቹ ከቆሙ በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያ አንድ ዓርብ ተመልሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ተነሱና እኔ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። ትናንት ማክሰኞ 4 ሰዓት ሞሉ። ነርሷ ማሽኑ ሲጮህ «ጨርሰዋል» ስትላቸው «እርግጠኛ ነሽ?» አሏት። ሌሊት አሁንም ይነሳሉ፣ ግን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው።

ስለ ላሚቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እኔም ራሴን ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እንዲህ እያሰቡ መቀመጣቸው አንጀቴን በላው።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ፦ ብረቱ ካለቀ በኋላ እንደገና የሚለካው መቼ ነው?

ነርስ ከደሴ
ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 3፡05

እልል ብያለሁ፣ ጎረቤት ሰምቶኛል። ብረቱ የተሰጠ ሰሞን አይለካም፣ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ቀኑን ሐኪሙ ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ኤሪትሮፖይቲን እየወሰዱ እስካሉ ድረስ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይታይ። ካላዘዙላችሁ አስታውሺ። ብረት ሲበዛም ይጎዳልና ሳይለኩ መድገም የለም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው ደግሞ ብረቱ ከመሰጠቱ በፊት ንገሪያቸው።

የሰኞ ገበያው
ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 4፡30

አልሐምዱሊላህ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

ለአንቺ ስለ ፎጣና ስለ ክርክር ስጽፍ ነበር። ዛሬ የራሴን ካርድ አውጥቼ ገለበጥኩት፣ 4 ዓመት ሙሉ ፌሪቲን የሚል ነገር አንድም ቦታ የለበትም። ለማሳከክ የምወስደውም ያው የአባትሽ ነው። ነገ ተራዬ ነው፤ ሁለቱን ስሞች ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ።